በሞልድ ውስጥ የሚያልፈው ጊዜ



ወደ ፕላስቲክ ፋብሪካ የገባ እንግዳ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ፍሬውን በሚያቀልጠው ክፍል ላይ ነው። ደረቁ ፍሬ ቀልጦና በኃይል ተገፍቶ ባልዲ ወይም ሳፋ ሆኖ ሲወጣ ሲመለከት፣ የኢንጄክሽን ማሽኑ ምሥጢር በሙቀቱ ያለ ይመስለዋል። የምርቱን ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ የሚወስነው ግን ማቅለጡ ሳይሆን ማቀዝቀዙ ነው።

ፍሬው ከማጉረሻው ወርዶ በጋለው በርሜል ውስጥ ወደሚዞረው ብሎን ይገባል። በብሎኑ ጥርሶች መካከል ያለው ቦይ ወደ ጫፉ እየጠበበ ስለሚሄድ ፍሬው ይጨመቃል፣ ይታሻል፣ ይቀልጣልም። ለብዙዎች እንግዳ ቢሆንም፣ ለማቅለጥ ከሚያስፈልገው ሙቀት አብዛኛው የሚገኘው በርሜሉን ከከበቡት የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች ሳይሆን ከዚሁ መታሸት ነው። የቀለጠው በጫፉ ሲጠራቀም ብሎኑ ወደኋላ ያፈገፍጋል፤ ከዚያም መዞሩን ትቶ እንደ ፒስተን ወደፊት በመገፋት ሞልዱን ይሞላል። ጆንና አይዛያ ሃያት የተባሉት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1872 ባስመዘገቡት መሣሪያ ብሎን አልነበረም፤ ሴሉሎይዱን የሚገፋው ተራ ዘንግ ነበር። ብሎን ያለውን ማሽን ጄምስ ሄንድሪ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው።

የሞልዱ ሁለት ገጾች እንዳይላቀቁ የሚይዛቸው ኃይል ቀላል አይደለም። 20 በ30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሰሌዳ ላይ በየካሬ ሳንቲ ሜትሩ 300 ኪሎ ግራም ቢያርፍ፣ ድምሩ 180 ቶን ይሆናል።

ሞልዱ ከተሞላ በኋላ ያለው ጊዜ ለተመልካች ባዶ ይመስላል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር አይታይምና። ሆኖም ከጠቅላላው ዙር አብዛኛውን ጊዜ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ የሚወስደው ይኸው ነው። ፖሊፕሮፒሊን ወደ ሞልዱ የሚገባው ከ200 እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆ ነው፤ ሳይጣመም እንዲወጣ ግን ይህን ሙቀት በሞልዱ ብረት በኩል፣ በቦዮቹ ለሚፈሰው ውኃ ማስረከብ አለበት። ፕላስቲክ ደግሞ ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው ለሞልድ ከሚያገለግለው ብረት ከመቶ እጥፍ በላይ ያነሰ ነው።

ስለሆነም የማቀዝቀዣው ጊዜ የሚያድገው እንደ ግድግዳው ውፍረት ሳይሆን እንደ ውፍረቱ ካሬ ነው። 2 ሚሊ ሜትር የነበረው ግድግዳ 4 ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። «እንዲጠነክር ትንሽ ይወፍር» የሚለው የደንበኛ ጥያቄ በየዋህነት የቀረበ ቢሆንም ውድ ነው። በዚያ ላይ ወፍራሙ ክፍል ዘግይቶ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ፊቱን ያሰረጉዳል። ጥንካሬን በቀጫጭን ደጋፊዎችና በእጥፋት ማግኘት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1972 ፈረንሳዊው ሄንሪ ማሶኔ ያወጣው «ፎተይ 300» የተባለው ወንበር ሙሉ በሙሉ በአንድ ምት፣ ከ2 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይወጣ ነበር።

ሁለተኛው የጊዜ ሌባ በንድፉ ላይ አይታይም፤ እርሱም በሞልዱ የውኃ ቦዮች ውስጥ የሚጋገረው ኖራ ነው። የከርሰ ምድር ውኃው ከኖራ ድንጋይ በሚመነጭባቸው እንደ መቀሌ ባሉ አካባቢዎች፣ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚታየው ነጭ ቅርፊት በሞልዱም ውስጥ ይበቅላል። ቅርፊቱ ስስ ቢሆንም ሙቀቱን ያግዳል፤ ቦዩንም ያጠብባል። ሞልዱ በቀድሞው ሰዓት ሲከፈት ዕቃው ተጣሞ ይወጣል። ያን ጊዜ ኦፕሬተሩ ይወቀሳል፤ የበርሜሉ ሙቀት ይቀነሳል፤ የቀለጠውም ስለሚወፍር ሞልዱን ሳይሞላው ይቀራል። በመጨረሻ ማንም ሳያስተውል የማቀዝቀዣው ሰዓት ይረዝማል። ዙሩ ከ30 ወደ 40 ሴኮንድ ቢያድግ፣ በ8 ሰዓት ሥራ 960 የነበረው ምርት 720 ይሆናል፤ ማሽኑም፣ መብራቱም፣ ደመወዙም ያው እንደነበሩ ናቸው።

ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያሻም። ሞልዱ አዲስ ሳለ የእያንዳንዱ ቦይ መውጫ ቱቦ ተነቅሎ፣ ባልዲ በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ ከውኃው ግፊት ጋር በሞልዱ መዝገብ ይጻፋል። በየጥቂት ወሩ በዚያው ግፊት ይደገማል። ባልዲው ዘግይቶ የሞላበት ቦይ ለዝገት በማይዳርግ ቅርፊት ማሟሚያ ይታጠባል፤ ኦፕሬተሩም ስለ መጣመሙ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።