ስለ አንድ መሐንዲስ የፈሰሰ እንባ



የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ሞተው በተገኙ ጊዜ እኔ በሥራ ምክንያት ሰቆጣ ነበርሁ። ቦንድ ገዝተው ግድቡን በዐይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች እንደ ቤተ ዘመድ አለቀሱላቸው። ለድምፃዊና ለሯጭ ማልቀስ በለመደው አገር ለመሐንዲስ እንዲህ መለቀሱ በሙያዬ አኮራኝ።

ኩራቴ ግን ብዙ አልቆየም። በዚያው ክረምት አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ ግንበኛ ታሞ ሲሞት፣ ሥራ በዝቶብኛል ብዬ ከቀብሩ ቀርቼ ነበር።

በሰቆጣ አቅራቢያ በሚገኘው በውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የዋግ ሹማምንት አስከሬን በሣጥን ተጠብቆ ይኖራል። ዐለቱን የፈለፈሉትን ሰዎች ስም ብጠይቅ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ለስመ ጥር ሰው ማልቀስ ተገቢ ነው። ይሁንና ዝና የሚያሳየን ከፊት የቆመውን ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ግድብ ያቆመው ግን የብዙ ሰው እጅ ነው።

ስለዚህ በምናስረክበው ሥራ ሁሉ የግንበኞቹና የቀን ሠራተኞቹ ስም ከንድፉ ጋራ ተመዝግቦ እንዲቀመጥ ማኅበራችን ደንብ ያውጣልን። ለቅሷቸውንም እንድረስ።