አንዱ ሲወጣ ሌላው ይተካል

የዛሬው ርእሳችን ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ነው።

ከፊል አውቶማቲክ ማለት ምን ማለት ነው? እስቲ ስቴፕለርን አስቡት። አንዴ ስትጫኑት አንድ ሽቦ ይወጣል። ወዲያው ውስጡ ያለው ሞላ ቀጣዩን ሽቦ ወደ አፉ ይገፋዋል። ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥም እንዲሁ ነው። ቃታው አንዴ ሲሳብ አንድ ጥይት ይተኮሳል። የተኩሱ ጉልበት ቀለሃውን አውጥቶ ይጥላል፤ ሽጉጡም ከካዝናው ሌላ ጥይት ጎርሶ ራሱ ያቀባብላል።

ታዲያ ልብ በሉ! የስቴፕለሩን የሽቦ ረድፍ ብታወጡትም አንዷ ሽቦ አፉ ላይ ልትቀር ትችላለች። ሽጉጥም ካዝናው ወጣ ማለት ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። አንድ ጥይት እንደጎረሰ ሊሆን ይችላል። በዚህ ስሕተት ሰው ሊሞት ይችላል።

ሽጉጥ ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ የሚወራው ስም ነው፤ የሩሲያው ማካሮቭ፣ የቤልጂጉ ብራውኒንግ፣ የኦስትሪያው ግሎክ። እኔ ግን ከስሙ በፊት ሳይታሰብ እንዳይተኮስ የሚከላከለውን መቆለፊያ እጠይቃለሁ። ማካሮቭ ጎኑ ላይ በአውራ ጣት የሚንቀሳቀስ መቆለፊያ አለው። አብዛኛው ግሎክ ይህ የለውም፤ መከላከያው ቃታው ላይ ነው። አንዱን የለመደ እጅ ሌላውን ሲይዝ ሊሳሳት ይችላል።

በአገራችን ደግሞ ምርጫው ከፈቃድ ይጀምራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ቤታችሁ ካለ፣ እባካችሁ ዛሬ ማታ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ቆልፉበት።