የቃል ተስፋና የኬሚስትሪ ትምህርት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ለዚህ በዓል እያንዳንዱ ክፍል አንድ ጉዳይ መርምሮ እንዲያቀርብ በታዘዘ ጊዜ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብዙ አልተቸገርንም፤ ጉዳዩ ራሱ ከባሕር ማዶ መጥቶልን ነበርና። እስከ 4ኛ ክፍል ድረስ ከእኛ ጋር የተማረ አንድ ጓደኛችን ከእናቱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ ያደገው እዚያው ነው። እዚህ ሳለ ከሁላችንም ይልቅ ድንጋይ አርቆ የሚወረውር እሱ ነበር፤ ስለዚህም ከአንድ ጊዜ በላይ ተቀጥቶበታል። እዚያ ግን ያው ክንዱ ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታ አስመሰገነው። አምና በጥቅምት ወር፤ እኛም እሱም 11ኛ ክፍል ሳለን፤ እንዲህ ሲል ጻፈልን፤ «የአንድ ኮሌጅ አሠልጣኝ እንደሚወስደኝ ቃል ሰጠኝ። ከእንግዲህ ትምህርቴ በነጻ ነው። ለልምምድ ጊዜ እንዳገኝ ኬሚስትሪን ልተወው አስቤአለሁ። ምን ትላላችሁ?»

ክፍላችን ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን «ዕድሉን ይያዝ፤ እኛ ሌሊቱን ስናጠና አድረን የማናገኘውን እሱ በኳስ አገኘው» አልን። የቀሩትም «ኳስ ለልጅነት ነው፤ ይተወው» አሉ። በመጨረሻ ግን ሁላችንም የማናውቀውን ነገር እንደምንከራከር ስለ ተረዳን፤ መልስ ከመጻፋችን በፊት እንመርምር ተባባልን። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ያገኘነውን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። በቤዝቦል አንዱ ይወረውራል፤ ሌላው በዱላ ይመታል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ18 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ጎበዝ ወርዋሪ ኳሱን በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ሲልከው፤ መቺው ዘንድ እስኪደርስ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የኮሌጅ አሠልጣኞች ልጆችን ሲመርጡ በዓይናቸው ብቻ አይመለከቱም፤ የኳሱን ፍጥነት በመሣሪያ፤ የልጁን ሩጫ በሰዓት ይለካሉ። የሚያዩትም በትምህርት ቤቱ ሜዳ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት ቡድኖች ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ይጋጠማሉ፤ ተጫዋቾችን ለአሠልጣኞች ለማሳየት ብቻ የሚዘጋጁ ውድድሮችም አሉ። የጉዞውንና የመመዝገቢያውን ዋጋ የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ ነው። ስለዚህ የድኻ ልጅ ክንዱ ብርቱ ቢሆንም ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቤዝቦል የሚጫወቱት ልጆች ከ450,000 በላይ ናቸው። ከነዚህ ውስጥ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. በሚባለው የኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ሥር ባሉ ኮሌጆች ለመጫወት የሚበቁት ከ10 አንድ እንኳ አይሆኑም።

«ነጻ ትምህርት» የሚለው ቃልም እኛ እንደ መሰለን አልሆነም። ማኅበሩ ኮሌጆቹን በሦስት ምድብ ከፍሏቸዋል። በ3ኛው ምድብ በስፖርት ችሎታ ምክንያት የሚሰጥ ነጻ ትምህርት ከቶ የለም። በ1ኛው ምድብ ደግሞ ለብዙ ዓመታት አንድ ኮሌጅ ለቤዝቦል ቡድኑ በሙሉ ሊሰጥ የሚፈቀድለት የ11.7 ተማሪዎች ሙሉ ክፍያ ብቻ ነበር። አሠልጣኙም ይህን እንደ እንጀራ እየቆረሰ እስከ 27 ለሚደርሱ ተጫዋቾች ያካፍለው ነበር። ስሌቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠራነው፤ ለ27ቱ እኩል ቢከፋፈል ለአንዱ የሚደርሰው ከግማሽ ያነሰ ነው። የቀረውን ቤተሰብ ወይም ሌላ እርዳታ ይሞላዋል። በ2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት፤ ወደ ስምምነቱ ለገቡት ኮሌጆች ይህ ወሰን ተነሣላቸው፤ በአንጻሩ ግን ቡድኑ ከ34 ተጫዋች እንዳይበልጥ ተወሰነ። ገንዘቡ ሊጨምር ይችላል፤ ቦታው ግን ጠበበ። ኮሌጁም እንዲሰጥ ተፈቀደለት እንጂ አልተገደደም።

አሁን ወደ አሠልጣኙ ቃል እንመለስ። ቀድሞ አንዳንድ አሠልጣኞች ከ8ኛና ከ9ኛ ክፍል ልጆች ጋር እንኳ ቃል ይገባቡ ነበር። በ2023 ማኅበሩ በ1ኛው ምድብ ያሉት የቤዝቦል አሠልጣኞች፤ ልጁ 11ኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ያለው የኦገስት ወር 1ኛ ቀን ሳይደርስ ስለዚህ ጉዳይ እንዳያነጋግሩት ከለከለ። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላም ቢሆን የቃል ተስፋ ልጁንም አሠልጣኙንም አያስርም። የሚጸናው ልጁ 12ኛ ክፍል ሲደርስ የሚፈረመው ወረቀት ነው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እየተባልን ላደግነው ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር ሆነብን።

ሌላም ተወዳዳሪ አለ። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋች ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ ሲቀይር፤ እንደ ቀድሞው አንድ ዓመት ሳይጫወት እንዲቀመጥ አይገደድም። ስለዚህ አሠልጣኙ የ18 ዓመት ልጅ ተቀብሎ ከሚያሳድግ ይልቅ የበሰለውን የ21 ዓመት ጎልማሳ ከሌላ ኮሌጅ ቢወስድ ይቀለዋል። በእርግጥ ይኸው በር የጠቀማቸውም አሉ። ፖል ስኪንስ የሚባለው ወርዋሪ ከአየር ኃይል አካዳሚ ወደ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ፤ በ2023 ቡድኑ የኮሌጆች ሻምፒዮን ሲሆን አብሮ ነበር፤ በዚያው ዓመትም በባለሙያዎቹ ምርጫ አንደኛ ሆኖ ተጠራ። ነገር ግን አንድ ሰው በገባ ቁጥር ቦታውን የሚያጣ አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ እንዳለ አስተዋልን።

ክርክራችንን የቆረጠው ግን የኬሚስትሪው ጉዳይ ነው። በ1ኛው ምድብ መጫወት የሚፈልግ ተማሪ በሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን መጨረስ አለበት፤ ከነዚህም 4ቱ እንግሊዝኛ፤ 3ቱ ሒሳብ፤ 2ቱ የተፈጥሮ ሳይንስ ናቸው። አማካይ ውጤቱም ከ4.0 ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። ከ16ቱ 10ሩን፤ ከ10ሩም ውስጥ 7ቱን ከእንግሊዝኛ፤ ከሒሳብና ከሳይንስ፤ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት መጨረስ ይገባዋል። ጓደኛችንን ስንጠይቀው እስከዚያ ጊዜ ድረስ የጨረሰው ሳይንስ ባዮሎጂ ብቻ መሆኑን ነገረን። እንግዲያስ ለጨዋታ ሲል የሚተወው ትምህርት ከጨዋታው ራሱ ሊያስቀረው ይችል ነበር። ይህን ባነበብን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ፤ «ዕድሉን ይያዝ» ያልነው ደግሞ ይበልጥ አፈርን።

ስለ ክንዱም አሰብን። በወርዋሪ ክርን ውስጥ ያለው ጅማት ከድካም ብዛት ሊበጠስ ይችላል። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ለቶሚ ጆን፤ ከሌላው እጁ ጅማት ወስዶ ክርኑን ጠገነለት፤ ቀዶ ሕክምናውም እስከ ዛሬ በዚያ ተጫዋች ስም ይጠራል። አሁን ይህ ሕክምና ገና ትምህርት ላልጨረሱ ልጆችም ይደረጋል፤ ተመልሶ በደንብ ለመወርወርም አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ስለዚህ ሁላችንም ተስማምተን እንዲህ ስንል ጻፍንለት። «ኳሱን አትተው፤ ኬሚስትሪውንም አትተው። አሠልጣኙን ከእናትህ ጋር ሆነህ ምን ያህሉን ክፍያ፤ ለስንት ዓመት እንደሚሰጥህ በትሕትና ጠይቀው። ክንድህ ቢታመም በዚያ ኮሌጅ ለመማር ትፈልግ እንደ ሆነም ራስህን ጠይቅ። የሁለት ዓመት ኮሌጅ ቢደርስህ አትናቅ፤ አልበርት ፑሆልስ በ16 ዓመቱ ከዶሚኒካን ሪፑብሊክ መጥቶ፤ ከእንዲህ ያለ የካንሳስ ሲቲ ኮሌጅ ተነሥቶ በ1999 ሲመረጥ 402ኛ ነበር፤ በ2022 ሲሰናበት ግን 703 ሆም ረን መትቶ ነበር።»

ጓደኛችን ምክራችንን በሙሉ አልተቀበለም። አሠልጣኙን መጠየቅ አፍሮ ቀረ፤ ኬሚስትሪውን ግን ቀጠለ። በበጋቸው ወራት ያ አሠልጣኝ ወደ ሌላ ኮሌጅ ተዛወረ። በቦታው የተተካው ሰው የጓደኛችንን ስም እንኳ አያውቅም ነበር። በዚህ ዓመት ኅዳር ውስጥ የቡድኑ ጓደኞች በትምህርት ቤቱ አዳራሽ በወላጆቻቸው ፊት ወረቀት ሲፈርሙ፤ እሱ ከተመልካቾቹ መካከል ተቀምጦ አጨበጨበ። እናቱ ያን ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ነበር፤ ተስፋው መፍረሱን ሳይነግራት ቆይቶ ነበርና።

ይህን ከጻፈልን በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ዝም አለ። ባለፈው ወር ግን ደብዳቤው ደረሰን። በሚኖርበት ክፍለ ግዛት ያለ የመንግሥት ኮሌጅ በትምህርት ውጤቱ ተቀብሎታል፤ ከክፍያውም ከፊሉን በውጤቱ ምክንያት ቀንሶለታል። በኬሚስትሪ ያገኘው «ቢ» ነው። ቡድኑ ሳይጠራው ሄዶ ለመሞከር አስቧል፤ ቢያልፍ ይጫወታል፤ ባያልፍም ይማራል።

ውድ ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ሆይ፤ እኛ ቤዝቦል አንጫወትም፤ ሆኖም በዚህ ዓመት የብዙ ሰው ቃል ይሰጠናል። «እወስድሃለሁ፤ አስገባሻለሁ፤ ሥራ አለህ» የሚለን አይጠፋም። የምንለምናችሁ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለ ተስፋ ይዘን ስንመጣ አትሳቁብን፤ ከእኛም ጋር ቶሎ አትደሰቱ። ወረቀቱን አብራችሁን አንብቡልን፤ እኛ ለመጠየቅ የምናፍረውን ጠይቁልን። ተስፋው ቢፈርስም ለመናገር እንዳንፈራችሁ አድርጉን።

የበታች ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ተሰጥኦ ያለው በተሰጥኦው ይደሰት፤ የነገውን ተስፋ አይቶ የዛሬውን ትምህርት ግን አይልቀቅ።