ጽሞናን ለመጀመር፦ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ለሕዝብ የተሰጠ ንግግር



የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው፤ ጽሞናን ፈጽሞ ሞክሮ የማያውቅ ሰው ከየት ይጀምር የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይህ የሩቅ ምሥራቅ ነገር አይደለምን?» ትሉ ይሆናል። ሌሎቻችሁ ከሃይማኖታችሁ ጋር እንዳይጋጭ ትሰጋላችሁ። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ስለሆኑ፣ አስቀድሜ በአቅራቢያችን ያለውን ላስታውስ።

ከፊታችን የተኛው አርዲቦ በከፍታ ከሐይቅ ይበልጣል፤ ትርፍ ውኃውም ቁልቁል ወደ ሐይቅ ይወርዳል። በዚያ በታችኛው ውኃ፣ ዛሬ ከየብስ ጋር በተያያዘችው የቀድሞ ደሴት፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ታላቅ የትምህርት ማእከል አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ዘንድ ተምረዋል። በገዳማዊው ሥርዓት አርምሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ ሰፊ ስፍራ ይሰጠዋል። ወሎ ደግሞ እነ ጀማ ንጉሥና ዳና ያሉባት የሱፊያ መሻይኾች አገር ናት፤ ዚክር የሚደረግባት፣ ለኸልዋ ከሰው የሚገለልባት።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ክርስቲያኑ በመቁጠሪያው እግዚኦታውን 41 ጊዜ ያደርሳል፤ ሙስሊሙ ከሶላት በኋላ በሙስበሓው 33 ጊዜ እየደጋገመ ያወድሳል። ጣት ትቆጥራለች፣ ምላስ ትደግማለች፣ የሚባዝን ልብም የሚመለስበት ጉዝጓዝ ያገኛል። ይህን ስል ጸሎትና የትንፋሽ ልምምድ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። የሚጸልይ ሰው የሚያናግረው አለው፤ ትንፋሹን የሚከታተል ሰው ግን ማንንም አያናግርም። አንዱን በሌላው መተካት አያስፈልግም፤ እኔም አልመክርም።

የሐርቫርዱ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ያሰፈረው ከዚህ ብዙም አይርቅም፦ ጸጥ ያለ ቦታ፣ የሚመች አቀማመጥ፣ የሚደጋገም አንድ ቃል፣ ሐሳብ ሲመጣም ሳይታገሉ ማሳለፍ። በዚህ ጊዜ የልብ ምትና አተነፋፈስ ረጋ እንደሚሉ አሳይቷል።

አጀማመሩም ቀላል ነው። በበርጩማ ወይም በመደብ ላይ፣ ጀርባችሁን ሳታደነድኑ ቀጥ አድርጋችሁ ተቀመጡ። ትንፋሻችሁን አታስረዝሙ፣ አታሳጥሩ፤ እንደ መጣ ተከተሉት። ሲወጣ «አንድ» በሉ፣ ቀጥሎ «ሁለት»፤ እስከ አሥር ደርሳችሁ እንደገና ከአንድ ጀምሩ። አራት ሳትደርሱ ልባችሁ ገበያ ወጥቶ ታገኙታላችሁ። ይህ የሁሉም ሰው ነው። ሐሳቡ መሄዱን ያወቃችሁባት ቅጽበት ራሷ ልምምዱ ናት፤ ሳትቆጡ ወደ አንድ ተመለሱ። ለጀማሪ አምስት ደቂቃ በቂ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ሰዓት ከመቀመጥ በየዕለቱ ጥቂት መቀመጥ ይሻላል። ሰዓቱን ከምታውቁት ልማድ ጋር እሰሩት፤ ለምሳሌ ቡናው ተቆልቶ እስኪፈላ ድረስ ያለው ጊዜ ማንም የማይወስድባችሁ ነው። (የቡናው ባለሙያ እናንተ ካልሆናችሁ፣ ማለቴ ነው።)

አሁን ለዚህ ስፍራ ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ አካባቢ አልፏል። ከመካከላችን ከቤቱ የተፈናቀለ፣ የሞተበት፣ ዛሬም በር በኃይል ሲዘጋ የሚደነግጥ አለ። ለእንዲህ ያለ ሰው «ዐይንህን ከድነህ ወደ ውስጥህ ተመልከት» ማለት አንዳንድ ጊዜ ጉዳት ያመጣል። ጸጥታው ያንን ቀን ሊመልሰው ይችላል፤ ልብ ሊመታ፣ ላብ ሊያጠምቅ ይችላል። ይህ የእምነት ማነስ ወይም ድክመት አይደለም።

ስለዚህ እናንተን ዐይናችሁን ክፈቱ እላችኋለሁ። የውኃውን ዳር ሞገድ ተመልከቱ፤ ወይም እግራችሁ መሬቱን ሲነካ የሚሰማችሁን ብቻ ተከታተሉ። መቀመጥ ካስጨነቃችሁ እየተራመዳችሁ እርምጃችሁን ቁጠሩ። ከሚያምኑት ሰው ጎን ሆኖ መሞከር ብቻን ከመሞከር ይሻላል። ጭንቀቱ ከበረታ አቁሙ፤ ማቆም ይፈቀዳል። እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ቅዠቱ ካልተወ፣ ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ፣ ትንፋሽ መቁጠር ሕክምና አይሆንም፤ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒትም በጽሞና ምክንያት የሚያቋርጥ ሰው እንዳይኖር አደራ እላለሁ።

ጥያቄዎቻችሁን ከመቀበሌ በፊት አምስት ደቂቃ አብረን እንቀመጥ። ስልኮቻችሁን ዝጉ። ከኋላ ያላችሁ ወጣቶች፣ ፀሐዩ ፊታችሁን እንዳይመታችሁ ወደ ዛፉ ጥላ ጠጋ በሉ። መነሣት የፈለገ ሰው ይቅርታ ሳይጠይቅ መነሣት ይችላል። ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ።