ጥርስ ነቃይና የጥርስ ሐኪም
(ከመካነ ሰላምና ከአካባቢው ወደ ጎንደር ለመጡ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ክፍል የምትመርጡበት ጊዜ ስለ ቀረበ፥ እኛ ቀድመናችሁ የገባን የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ስለ ሙያችን ጥቂት እንድንነግራችሁ ተጠይቀናል። እኛም እንደ እናንተ የቦረና፥ የወግዲ፥ የከላላና የሳይንት ልጆች ነን። ስለዚህ የምንናገረው አገሩን ለሚያውቅ ሰው ነው።

ለዕረፍት አገራችን በገባን ቁጥር ሽማግሌዎቻችን አንድ ጥያቄ ያቀርቡልናል። «ልጆቼ፥ ጥርስ ለመንቀል ይህን ያህል ዓመት መማር ምን ያደርጋል? ጉጠት የያዘ ሰው መቼ ጠፋ?» ይሉናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የባላገር ሰው ጥርሱን ሲያመው በመጀመሪያ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቅርንፉድ ይነክሳል፤ ሲብስበት ወደ ነቃይ ይሄዳል። እንግዲህ የጥርስ ሕክምና ማለት መንቀል ብቻ መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም። ነገር ግን መንቀል የሙያው የመጨረሻ አማራጭ እንጂ ዋናው ሥራው አይደለም። ዛሬ ልናስረዳችሁ የምንወደው ይህንኑ ነው።

ጥርስን የሸፈነው ነጭ ሽፋን በሰውነታችን ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የጠነከረ ነው። ሆኖም አሲድ ያሸንፈዋል። በጥርስ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱም ሽፋኑን ቀስ በቀስ ይቦረቡረዋል። ጉድጓዱ ትንሽ ሳለ ተጠርጎ ቢሞላ ጥርሱ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ችላ ቢባል ግን እስከ ነርቩ ይዘልቃል፤ መግል ይቋጥራል። መግሉም ከመንጋጋ ወደ አንገት የወረደ እንደ ሆነ መተንፈሻን ዘግቶ ሰው እስከ መግደል ይደርሳል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ በጣም ይስማማል። የወይራ መፋቂያችንም በሚገባ ለተጠቀመበት የሚናቅ አይደለም፤ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ቢጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል።

ከዚህ የሚከፋው በሕፃናት ላይ የሚደርሰው ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው፥ ምክንያቱ በድዱ ላይ ያበጠው ነው እየተባለ ገና ያልበቀለ የወተት ጥርሱ ተፈልቅቆ ይወጣል። በብዙ ቦታ ግግ ማስቧጠጥ ይሉታል። የወጣው ግን በሽታ ሳይሆን የሕፃኑ የራሱ ጥርስ ነው። ተቅማጡ ከቆሸሸ ውኃና ከተበከለ ምግብ የመጣ ሲሆን፥ ድዱ በመቆረጡ መድማትና መመረዝ ይጨመርበታል፤ ኋላ የሚበቅለውም ቋሚ ጥርስ ይበላሻል። ለሕፃኑ የሚያስፈልገው የእናቱ ጡት፥ በንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ.ና የጤና ጣቢያ ምርመራ ነው።

ኖማ የሚባል በሽታም አለ። በምግብ እጥረትና በኩፍኝ የተጎዳ ሕፃን ድዱ ላይ በቁስል ይጀምርና በጥቂት ቀን ውስጥ ጉንጩን ይበላዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች መዝገብ ያገባው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። ገና በቁስልነቱ ከተደረሰበት ግን በተራ ፀረ ባክቴሪያ፥ በአፍ ንጽሕናና በተሻለ ምግብ ይድናል። የሚያስፈልገው አይቶ የሚያውቅ ዓይን ነው።

እንግዲህ ስለ ትምህርቱ መንገድ። የመጀመሪያውን በር አልፋችኋል፤ ጥቂት በር አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከተፈታኞቹ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከእንግዲህ ወዲያ የጥርስ ተማሪ የአካልን አሠራር፥ የደምንና የነርቭን ነገር፥ የመድኃኒትን ጠባይ ልክ እንደ ሌላው ሐኪም ይማራል። ቀጥሎ እጁን ያሠለጥናል፤ በሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ይለማመዳል፤ ከዚያም በመምህራን ፊት በሽተኛ ያክማል። ከተመረቀም በኋላ የሙያ ብቃት ምዘናውን ሳያልፍ ፈቃድ አያገኝም። ለሽማግሌዎቻችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ዓመቱ የሚፈጀው መንቀልን ለመማር ሳይሆን የትኛው ጥርስ መነቀል እንደሌለበት ለማወቅ ነው።

ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ሕክምናን አንደኛ ጽፈው፥ የጥርስ ሕክምናን «ያ ካልሆነ» በማለት እንደሚያስከትሉ እናውቃለን። ሌሎችም ሙያውን ለከተማ ክሊኒክ ገቢ ሲሉ ይመኙታል። መብራት በሚጠፋበት፥ ውኃ በሚቸግርበት አገር የጥርስ ሐኪም ምን ይሠራል የሚልም አይታጣም። ለዚህ መልሱ ከጎረቤት አፍሪካ መጥቷል። በታንዛኒያ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጀመረ አሠራር አለ፤ የበሰበሰው ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ተጠርጎ ይወጣል፥ ጉድጓዱም በጥርስ ላይ በሚጣበቅና ፍሎራይድ በሚያወጣ ሲሚንቶ ይሞላል። መሰርሰሪያ አይፈልግም፤ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ስለዚህ በአንድ ቦርሳ ተይዞ እስከ ቆላው ትምህርት ቤት ድረስ ሊሄድ ይችላል።

የምንማርበት የጎንደር የጤና ትምህርት ቤትም በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት፥ የጤና መኰንኖችን፥ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ለመላክ ነበር። የቆመበት ዓላማ ይህ ከሆነ፥ እኛ ተምረን ሁላችንም በአዲስ አበባ ብንቀር፥ የቦረና ሕፃን ድዱን የሚቆርጥለትን እንጂ የሚያድንለትን አያገኝም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ምርጫው የራሳችሁ ነው፤ ማንም አያስገድዳችሁም። ነገር ግን ቅጹን ስትሞሉ «የትኛው ያስከብረኛል?» ከማለታችሁ በፊት «የትኛው በአገሬ የለም?» ብላችሁ እንድትጠይቁ እንለምናችኋለን። ከእናንተ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች እንኳ ቢመጡልን፥ መጽሐፋችንንና የተለማመድንበትን መሣሪያ ይዘን በደስታ እንቀበላችኋለን።