ስለ ወለድ መለኪያና ስለ ባንኮች ክስ፦ በዲክሲስ የተደረገ ዲስኩር

ስንዴና ገብስ በሚታፈስበት በዚህ ደጋ ቆሜ ስለ ለንደን ባንኮች እንድናገር ስለ ፈቀዳችሁልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የተሰጠኝ ርእስ «የወለድ መለኪያ መዛባትና የኢትዮጵያ ገበያ» የሚል ሲሆን፣ ብዙ ዘመን ስመረምረው የኖርሁት የኒውዮርኩ ክስ ከፊተኛው ክፍል ላይ እንደሚያቆየኝ ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ላይቦር የሚባለው መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በብሪታንያ ባንኮች ማኅበር ሥር ይወጣ ነበር። ለዶላሩ 16 ባንኮች በየሥራ ቀኑ ረፋድ ላይ «ከሌላ ባንክ ብትበደሩ በስንት ወለድ ታገኛላችሁ?» ተብለው ይጠየቁ ነበር፤ ከፍተኞቹ 4 እና ዝቅተኞቹ 4 መልሶች ተጥለው የቀሩት 8 አማካይ ይወሰድና የቤት ብድሩም፣ የመንግሥታቱም ዕዳ፣ የከተሞቹም ውል በእርሱ ይታሰብ ነበር። የሚጠየቁት የተበደሩበትን ሳይሆን የሚገምቱትን ነበር፤ ገማቹም በግምቱ የሚያተርፍ ወይም የሚከስር ነጋዴ ነበር። የዲክሲስን የስንዴ ዋጋ መጋዘናቸውን የሞሉ ደላሎች ብቻ ተማክረው ቢነግሩን፣ ሚዛኑ ትክክል ሆኖ ሳለ ገበሬው መበደሉ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 2012 ባርክሌስ የተባለው ባንክ መለኪያውን ለማዛባት በመሞከሩ 450 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለመቀጣት ሲስማማ ምስጢሩ አደባባይ ወጣ። የባልቲሞር ከተማና ሌሎችም ከሳሾች ውድድርን የሚጠብቀውን የ1890ውን (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የሸርማን ሕግ ጠቅሰው፣ ባንኮቹ ተመሳጥረው መለኪያውን ዝቅ በማድረጋቸው ሊከፈለን ከሚገባን ወለድ ጐደለብን ሲሉ ተከራከሩ። የኒውዮርኩ ፍርድ ቤት ዳኛ ናኦሚ ራይስ ቡክዋልድ ግን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 የውድድሩን ክስ ውድቅ አደረጉት፤ ምክንያታቸውም ባንኮቹ መለኪያውን የሚያወጡት በኅብረት እንጂ በውድድር ስላልነበረ፣ የተጎዳ ውድድር የለም የሚል ነበር። ይህን ፍርድ ባነበብሁት ቁጥር ያስደንቀኛል፤ መተባበራቸው ራሱ መከታ ሆነላቸው ማለት ነውና። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 ፍርዱን ሽሮ፣ ተወዳዳሪዎች ዋጋን በስምምነት መወሰናቸው ራሱ ሕገ ወጥ መሆኑን አጸና፤ ሆኖም ከሳሾቹ ሁሉ ለመክሰስ የተገቡ መሆናቸው እንዲመረመር ነገሩን ወደ ቡክዋልድ መለሰው።

ሰዓቱ ስለ ገፋ ኢትዮጵያን በአጭሩ ልጥቀስ። ለአዲስ አበባ–ጅቡቲ ምድር ባቡር ከቻይና ኤክዚም ባንክ የተበደርንበት ወለድ በላይቦር ላይ 3 በመቶ ተጨምሮ የሚታሰብ ነበር። ወለድን ሐራም የምትሉ ወገኖቼ ታገሡኝ፤ የምትገዙት ዕቃ በዚያው ሐዲድ ይመጣልና ነገሩ ለእናንተም አይቀርላችሁም። በአገር ውስጥ ደግሞ ባንኮቻችን እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ገበያ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ የ2006 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 813ም የተወዳዳሪዎችን የዋጋ ስምምነት ከልክሏል። የዶላሩ ላይቦር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 መጨረሻ ቀርቶ፣ በምትኩ በተጨባጭ ብድሮች ላይ የተመሠረተው ሶፍር የሚባለው መለኪያ ስለ ገባ፣ የእኛም ገበያ ወደ ፊት የወለድ መለኪያ ሲያወጣ ከተፈጸመው ብድር እንዲቀዳ፣ ብሔራዊ ባንኩም የየዕለቱን መጠንና ወለድ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ እጠይቃለሁ።