ሲሳይን በቤት መጥራት
በቁስቋም የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የምናገረው ሕንዶች ሲሳይን ወደ ቤታቸው ስለሚጠሩበት በዓል፣ ስለ ዲዋሊ ነው። ከእንጦጦ ሥር፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብለን በምንኖርበት በዚህ ሰፈር ርእሱ እንግዳ ቢመስላችሁ አይፈረድባችሁም። የመረጥኩት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። በዓሉ የሚውልበት ወቅት እኛ ለቁስቋም በዓል የምንዘጋጅበት ወቅት ነው። ዋናው ሥርዓቱ የሚፈጸመውም በቤት ውስጥ፣ በእናትና በአባት፣ በልጅና በጎረቤት መካከል ነው። የማቀርብላችሁ ሐሳብ አንድ ነው፦ ሲሳይ ወደ ቤቱ እንዲገባለት የሚለምን ሰው አስቀድሞ ሒሳቡን ማጥራት አለበት። ይህን ሕንዶች በአንድ መንገድ፣ እኛ በሌላ መንገድ እናውቀዋለን፤ ሁላችንም ደግሞ እንዘነጋዋለን።

በመጀመሪያ በዓሉ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዲዋሊ በሂንዱዎች የጨረቃ አቆጣጠር ካርቲክ በሚባለው ወር፣ ጨረቃ በጠፋችበት የጨለማ ሌሊት ይውላል። በብዙው የሕንድ ክፍል አምስት ቀን ይከበራል። ከዋናው ሌሊት ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ዳንቴራስ የሚባለው ቀን አለ፤ በዚያ ቀን ወርቅ፣ ብር ወይም የናስና የመዳብ ዕቃ መግዛት መልካም ዕድል ያመጣል ተብሎ ይታመናል። አቅም የሌለው ማንኪያ ይገዛል። በሰሜን ሕንድ አዲስ መጥረጊያ የሚገዛም ብዙ ነው፤ የሀብት አምላክ የምትባለው ላክሽሚ ቆሻሻ ቤት አትገባምና።

የበዓሉ ዝግጅት የሚጀምረውም ከጽዳት ነው። ግድግዳ ይቀባል፣ ዕቃው ሁሉ ይወጣል፣ ይታጠባል፣ ይመለሳል። ከደጃፉ ፊት ለፊት በሩዝ ዱቄትና በቀለም ራንጎሊ የተባለው ሥዕል ይሣላል። ብዙ ቤቶች ከደፉ ጀምሮ ወደ ውስጥ የሚያመሩ ትንንሽ የእግር ዱካዎችም ይሥላሉ፤ ጣቶቻቸው ወደ ቤት የዞሩ ናቸው። ሲመሽ የሸክላ ኩራዞች ዘይት ተሞልተው፣ የጥጥ ክር ተደርጎላቸው በደጁ፣ በመስኮቱና በግቢው ዙሪያ ይለኮሳሉ። ከዚያ ቤተሰቡ በላክሽሚና እንቅፋትን ያስወግዳል በሚባለው በጋኔሽ ምስል ፊት ተቀምጦ ይጸልያል፤ አበባ፣ ፍራፍሬና ጣፋጭ ያቀርባል።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሳበኝ ግን የነጋዴዎቹ ሥርዓት ነው። በምዕራብ ሕንድ፣ በተለይ በጉጅራት፣ ነጋዴው በዲዋሊ ሌሊት የዓመቱን የሒሳብ መዝገብ ይዘጋል። አዲሱን መዝገብ በአምላኩ ፊት አስቀምጦ ያስባርካል፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ መልካም ዕድልንና ትርፍን የሚገልጹ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ይጽፋል። ማግስቱ ለጉጅራቶች አዲስ ዓመት ነው። ሌላው ሕዝብ ዓመቱን በሆታ ሲቀበል የጉጅራት ነጋዴ ማን ምን እንዳለበት፣ እሱም ለማን ምን እንዳለበት አጣርቶ ይቀበላል ማለት ነው።

ላክሽሚ በሂንዱዎች ዘንድ በአንድ ቦታ የማትረጋ ተብላ እንደምትታወቅም ልጨምር። ዛሬ የገባችበትን ቤት ነገ ትታ ልትሄድ ትችላለች። ስለዚህ በዓሉ በዓመት አንዴ ተደርጎ የሚበቃ ልመና አይደለም፤ ቤቱ ለሲሳይ የሚመች ቤት ሆኖ እንዲቆይ የሚያስገድድ ነው።

ሁለተኛው ነጥቤ ስለ ወቅቱ ነው።

የጽጌ ወቅት ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን 40 ቀን ይቆያል። ዲዋሊ ደግሞ እንደ ጨረቃዋ ከጥቅምት መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ይመላለሳል። በ2018 ዓ.ም ጥቅምት 10 ቀን፣ በ2016 ዓ.ም ኅዳር 2 ቀን ዋለ። በ2013 ዓ.ም የዋለው ኅዳር 5 ቀን ነበር፤ ሕንዶች ኩራዛቸውን በለኮሱበት ሌሊት በሰፈራችን በቁስቋም ደብር ለማግስቱ በዓል ማሕሌት ተቆሞ ነበር ማለት ነው። ባጭሩ የሕንዶቹ የሲሳይ በዓል ከዓመት ዓመት ከጽጌ አይወጣም ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው።

የበዓላቱ ታሪክም ይቀራረባል። በሰሜን ሕንድ ዲዋሊ ራማ የተባለው ልዑል ከ14 ዓመት ስደት በኋላ ከሚስቱ ከሲታ ጋር ወደ ከተማው ወደ አዮድያ የተመለሰበት ቀን ነው፤ ሕዝቡ መንገዱን በመብራት አደመቀለት ይባላል። እኛ ደግሞ በጽጌ የምናስበው የእመቤታችንን ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ ነው፤ ኅዳር 6 ቀን፣ በቁስቋም በዓል፣ ከስደት መመለሷን እናከብራለን። በዚህ ንግግር ሃይማኖት ከሃይማኖት አልቀላቅልም፤ እምነቱ የተለያየ ነው፣ ተለያይቶም ይኑር። የሰው ናፍቆት ግን አንድ ነው። በሁለቱም በኩል ሀብት ከማለታችን በፊት ቤት እንላለን፤ ተሰዶ የነበረ ሰው ወደ ደጁ ሲመለስ ማየት ከወርቅ በፊት የሚመጣ ሲሳይ ነው።

ሦስተኛው ነጥቤ ሕንዶችንና እኛን ስላገናኘው ሥራ ነው።

ሕንዳዊ ሁሉ ሂንዱ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክና በተከታዮቻቸው ዘመን በአዲስ አበባ ከሁሉ የገነነው የሕንድ ንግድ ቤት የመሐመድ ዓሊ ኩባንያ ነበር፤ ባለቤቶቹ ከጉጅራት የመጡ ሙስሊሞች ነበሩ። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ኩባንያው ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሕንዳውያን መምህራን እስከ ገጠር ከተሞች ድረስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን አስተማሩ። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት ታላላቆቻችን መካከል ሒሳብን ወይም ፊዚክስን ከሕንዳዊ መምህር ያልተማረ ጥቂት ነው። እነዚያ መምህራን በተከራዩት ቤት ውስጥ፣ ከአገራቸው ርቀው፣ በየዓመቱ በዓላቸውን ያከብሩ ነበር። ከተማሪዎቻቸው መካከል ግን ምን እንደሚያከብሩ የጠየቅናቸው ስንቶቻችን ነን?

ለዚህ ሰፈር ከሁሉ የሚቀርበው ግን ክሩ ነው። ከጋሞ ተራሮች መጥተው በሽሮ ሜዳና በቁስቋም የሰፈሩት ሸማኔዎች ማጉን ከእጅ ፈታይ፣ ድሩን ከፋብሪካ ነው የሚያገኙት። የአገራችን ፋብሪካዎች ሳይስፋፉ በፊት የፋብሪካው ክር በብዛት ይገባ የነበረው ከሕንድ፣ በቦምቤይ ወደብ በኩል ነው። አያቶቻችን ለጥምቀት በለበሱት ነጠላ ውስጥ የኢትዮጵያዊት ሴት እንዝርትና የቦምቤይ ፋብሪካ አብረው ነበሩ።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። አንድ ሕንዳዊ ቤተሰብ በዚህ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ዲዋሊን ሊያከብር ቢነሣ ምን ያገኛል፣ ምንስ ይቸገራል?

የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ከእጁ አይርቅም። ለመብራቱ ክር ጥጥ አለ፣ ዘይት አለ፣ ሸክላ ሠሪ አለ። የአደይ አበባው ጊዜ ቢያልፍም ደጁን የሚያስጌጥበት አበባ አያጣም። ችግሩ ከድግሱ ላይ ነው። የዲዋሊ ልማድ ጣፋጭ ሠርቶ በሳህን ለጎረቤት ማዳረስ ነው፤ ጣፋጮቹ ደግሞ አብዛኞቹ በወተትና በንጥር ቅቤ የሚሠሩ ናቸው። ጎረቤቶቹ በጽጌ ጾም ላይ ናቸው። ጾሙ የፈቃድ ቢሆንም በዚህ ሰፈር የሚጾመው ብዙ ነው፤ በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለማ ነገሩ አለቀ። እትዬ እገሌ ሳህኑን ተቀብላ፣ አመስግና፣ ለልጆች ታስቀምጠዋለች፤ እንግዳው ጎረቤት ምግቡን የናቀችበት ይመስለዋል።

መፍትሔው ግን ከሕንዶቹ ማድ ቤት ውስጥ አለ። ከሰሊጥ ወይም ከለውዝና ካልተጣራ ስኳር የሚረጋ ደረቅ ጣፋጭ አላቸው፤ ወተት የለበትም። ከሽምብራ ዱቄት ተለውሶ በዘይት የሚጠበስ፣ እንደ ክር የቀጠነ ቁርስም አላቸው፤ ሴቭ ይሉታል። ሁለቱም የጾም ናቸው። ሽምብራውም፣ ሰሊጡም፣ ለውዙም ከገበያችን አይጠፋም። ለጎረቤቱ ጾም ተጠንቅቆ የጾም ጣፋጭ የሚሠራ እንግዳ በግማሽ ቤተኛ ሆኗል። ጎረቤትም ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ ዕጣን አጭሳ፣ ቡና አፍልታ ብትጠራው የዚያን ሳህን ብድር በሚገባ መለሰች። ሁለቱም ወገን ሃይማኖቱን ሳይለቅ የሌላውን ቤት ማክበር የሚቻለው በዚህ ዓይነት ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤ እስካሁን በዓሉን አመሰገንኩ። ጥላውንም አልሸሽግም።

ሲሳይን የሚጠራ በዓል በቀላሉ የገበያ በዓል ይሆናል። በዳንቴራስና በሚያዝያ ገደማ በሚውለው አክሻያ ትሪቲያ በሚባለው ሌላው የሲሳይ ቀን የሕንድ ወርቅ ቤቶች በገዢ ይጥለቀለቃሉ፤ ማስታወቂያውም ወርቅ ያልገዛ ዓመቱ የሚጎድልበት ያስመስላል። እኛስ? የበግና የዶሮ ዋጋ ሲንር በብድር የሚውል በዓል ስንት ነው? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ብለው አባቶች የተረቱት ለዚህ ነው።

ከዚህ የከፋውም አለ። ለዲዋሊ ርችት የሚሠራው አብዛኛው በታሚል ናዱ፣ በሲቫካሲ ከተማ ነው። በዚያ ሥራ ሕፃናት ሲደክሙና በፍንዳታ ሲጎዱ መኖራቸው ለብዙ ዓመታት ሲወቀስ ቆይቷል። ጣታችንን ወደዚያ ከመቀሰራችን በፊት ግን የገዛ ሰፈራችንን እንይ። በሽሮ ሜዳ አካባቢ ከጋሞ መንደሮች እየመጡ፣ ትምህርት ሳያገኙ፣ ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው መወርወሪያ የሚወረውሩ ልጆች እንደነበሩና እንዳሉ በጥናትም በዜናም ተደጋግሞ ተነግሯል። ለበዓል የምንለብሰው ጥለት የማን ሌሊት እንደሆነ ሳናጣራ በረከት ይግባልን ብንል፣ መዝገቡን ሳይዘጋ እንደሚጸልይ ነጋዴ ነን።

ለዚህ መድኃኒቱን ከሩቅ መፈለግ የለብንም። እነዚሁ ሸማኔዎች የመጡበት የጋሞ ሕዝብ የዓመቱን መለወጫ ዮ ማስቃላን ሲያከብር የተጣላ ሳይታረቅ ወደ በዓሉ አይገባም፤ ሽማግሌዎች ቂምን አስቀድመው ያወርዳሉ። የጉጅራቱ ነጋዴ የገንዘቡን ሒሳብ ይዘጋል፣ የጋሞው ሽማግሌ የጠቡን ሒሳብ ይዘጋል። ሁለቱ ቢገናኙ የሚግባቡ ይመስለኛል።

ስለዚህ ለመጪው የቁስቋም በዓል ሦስት ነገር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ባለሱቆች ከኅዳር 6 በፊት የዱቤ ደብተራቸውን ከደንበኛቸው ጋር ቁጭ ብለው ያገናዝቡ። መክፈል የሚችል ይክፈል፤ የማይችል ቀን ይቁረጥ፤ በእውነት ያጣ ሰው ዕዳ ካለ ሰፈርተኛው ተባብሮ ይሰርዝለት። ሁለተኛ፣ ክር በዱቤ የሚሰጡና ጥለት የሚረከቡ ነጋዴዎች የሸማኔውን ቀሪ ሒሳብ ከበዓሉ በኋላ ሳይሆን ከበዓሉ በፊት ይጨርሱ፤ በሽመናው ቤት ያለ ልጅም ዕድሜውና ትምህርቱ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ በመካከላችን የሚኖር የሌላ አገር ወይም የሌላ እምነት ሰው የራሱ በዓል ሲደርስ መቼ እንደሆነና ምን እንደማይበላ ጠይቀን እንወቅ፤ የእኛንም እንንገረው።

ሦስቱም ያለ በጀትና ያለ ኮሚቴ የሚሆኑ ናቸው፤ የሚያስፈልጉት ደብተር፣ እስክሪብቶና ትንሽ ድፍረት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያውን ነገ ጠዋት፣ ዳቦ ልንገዛ ስንወጣ፣ ከባለሱቁ ጋር ልንጀምረው እንችላለን።